ከረሃብ ወደ ውፍረት፦ የገዳሪፍ መንገድ ስለ ሰውነት ክብደት የሚነግረን

ገዳሪፍ በሁለት ነገር ትታወቃለች። ለሱዳናውያን የማሽላና የሰሊጥ ጎተራቸው ናት። ለኢትዮጵያውያንና ለኤርትራውያን ደግሞ ጦርነትና ረሃብ ሲበረታ የሚሸሹባት፣ ደኅና ጊዜ ሲሆንም ለአረምና ለአጨዳ ሥራ ድንበር የሚሻገሩባት ምድር ናት።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰሜን ኢትዮጵያ በእግራቸው የተነሡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች ተጠለሉ። ኡም ራኩባ፣ ተዋዋና ወድ ኮውሊ የሚሉት ስሞች በዚያ ትውልድ ትዝታ ውስጥ ዛሬም አሉ። ያን ጊዜ የሐኪሞቹ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ በረሃብ የመነመነውን ሰው ከሞት ማትረፍ።

ከእነዚያ መጠለያዎች የወጡት ሰዎች ከዓመታት በኋላ በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊትና በክብደት መጨመር ምክንያት ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ ብሎ ያሰበ ግን ጥቂት ነበር። ሆኖም የሆነው ይኸው ነው። ተመራማሪዎችም ይህን ለመረዳት የሥነ ምግብን ዕውቀት ከታሪክ፣ የዘረ መልን ምርምር ከስደት ጥናት ጋር ማገናኘት ነበረባቸው።

ይህ ጽሑፍ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከምን እንደሚመጣ፣ እንዴት መከላከልና ማከም እንደሚቻል ከዚያ መንገድ ተነሥቶ ያብራራል። በጽሑፉ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውፍረት በሽታ የሚሆነው መቼ ነው?

በኢትዮጵያም ሆነ በሱዳን “ወፈርክ”፣ “ወፈርሽ” ማለት ለብዙ ዘመን ምርቃት እንጂ ነቀፋ አልነበረም። ክሳት የችግርና የሕመም፣ ሞላ ያለ ሰውነት ደግሞ የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ረሃብን በተደጋጋሚ ላየ ማኅበረሰብ ይህ አስተያየት ምክንያት አለው። ሕክምናው የሚያሳስበው ግን የሰው መልክ ሳይሆን ስቡ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው።

የተለመደው መለኪያ የሰውነት ክብደትና ቁመት ምጣኔ፣ በአጭሩ ቢኤምአይ የሚባለው ነው። በኪሎ ግራም የተለካው ክብደት በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ውጤቱ 25 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው 64 ኪሎ ሲመዝን 25 ላይ፣ 77 ኪሎ ሲመዝን 30 ላይ ይደርሳል።

ይህ መለኪያ ቀላል ቢሆንም ጉድለት አለው። ስብና ጡንቻን አይለይም፤ ስቡ የት እንደተከማቸም አይናገርም። በዳሌና በጭን ላይ ያለ ስብ ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ውስጥ የሚከማቸው ግን ለስኳር በሽታ፣ ለልብና ለደም ሥር ሕመም በር ይከፍታል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች የወገብ ዙሪያ ከቁመት እኩሌታ እንዳይበልጥ የሚመክሩት። ሚዛን በሌለበት ቦታም ቢሆን ቁመትን በክር ለክቶ ክሩን ለሁለት አጥፎ ወገብን ዞሮ መግጠም አለመግጠሙን ማየት ይቻላል።

በጥር ወር 2025 በላንሴት የሕክምና መጽሔት ሥር የተሰባሰቡ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ከቢኤምአይ በተጨማሪ ሌላ ልኬት እንዲወሰድ ሐሳብ አቅርበዋል። ውፍረቱ የአካል ክፍሎችን ሥራ ያወከበትን ሰው ገና ጉዳት ካልደረሰበት ሰው ለይቶ ማየት እንደሚገባም ገልጸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 ከዓለም ሕዝብ ከ8 ሰው አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። በኢትዮጵያ በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ወይም ወፍራም የሆኑ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች በ2000 ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 8 ደረሱ። በዚያው ዓመት ከመቶ 22ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ ከሲታ ነበሩ። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከኡም ራኩባ የተነሡት

በ1984 መጨረሻ በገዳሪፍ አካባቢ ከተጠለሉት መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በመንገድና በመጠለያዎቹ ውስጥ ወደ 4,000 የሚጠጉት እንደሞቱ ይገመታል። “ዘመቻ ሙሴ” በተባለው ምሥጢራዊ ጉዞ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 ድረስ 8,000 የሚሆኑት በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመጋቢት 1985 የቀሩት 500 ያህል ሰዎች ከራሱ ከገዳሪፍ አካባቢ በአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ተነሡ።

ሲደርሱ አብዛኞቹ ከሲታ ነበሩ። የስኳር በሽታም በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር። ዓመታት ሳይቆጠሩ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ዳያቢቲስ በተባለው የሕክምና መጽሔት በ1988 የወጣ ጥናት ከ30 ዓመት በታች በሆኑ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ያልተጠበቀ ከፍተኛ የስኳር በሽታ መጠን መታየቱን ዘገበ። የተለወጠው ዘራቸው አልነበረም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘር አይለወጥም። የተለወጠው ማዕዱ፣ እንቅስቃሴውና አኗኗሩ ነበር።

ሁለተኛው ግኝት ይበልጥ ያስገርማል። በ2016 ፕሎስ ዋን በተባለ መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት ከኢትዮጵያ የሄዱት ሰዎች፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑት፣ ከሌሎች እስራኤላውያን ባነሰ ክብደት ላይ ሳሉ በስኳር በሽታ እንደሚያዙ አሳይቷል። ለሌላው “ጤናማ” የሚባለው ክብደት ለእነርሱ የደኅንነት ዋስትና አልሆነም።

ይህ ታሪክ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት በጋና ገጠር፣ በጋና ከተሞችና በሦስት የአውሮፓ ከተሞች የሚኖሩ ጋናውያንን አነጻጽሮ ነበር። በገጠር ከሚኖሩት ሴቶች ከልክ ያለፈ ውፍረት የታየባቸው ከመቶ 8 ያህሉ ሲሆኑ በለንደን ከሚኖሩት ከግማሽ በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

ሰውነት ረሃብን ያስታውሳል

ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የሚጀምረው ከማሕፀን ነው። በ1944 እና በ1945 መካከል ባለው ክረምት የናዚ ጀርመን ጦር ለምዕራብ ኔዘርላንድስ የምግብ መንገድ ዘግቶ ነበር። በ1976 የታተመ ጥናት በዚያ ዘመን የተፀነሱ ወይም የተወለዱትን ጨምሮ የ300,000 ወጣት ወንዶችን የወታደር ምዝገባ መረመረ። ረሃቡ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የደረሰባቸው ወጣቶች ለውፍረት ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ረሃቡ በእርግዝናው መጨረሻና ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ያገኛቸው ግን በተቃራኒው ለውፍረት የነበራቸው ተጋላጭነት ያነሰ ነበር። ስለዚህ የረሃቡ ብርታት ብቻ ሳይሆን የደረሰበት ጊዜም ይወስናል።

የሚሰጠው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። በማሕፀን ምግብ ያጠረው ጽንስ የሚወለድበት ዓለም ችጋር እንደሆነ ቆጥሮ ሰውነቱን ለቁጠባ ያዘጋጃል። ቆሽቱ፣ ኩላሊቱና ጡንቻው አነስ ብለው ያድጋሉ፤ ያገኘውንም ምግብ ወደ ስብ ለመለወጥ ይፈጥናል። ችጋሩ ከቀጠለ ይህ ቁጠባ ሕይወት ያተርፋል። ምግብ ከበዛ ግን ያው ቁጠባ ዕዳ ይሆናል።

በኢትዮጵያም የ1984ቱ ረሃብ ያስቀረው ምልክት በመለኪያ ታይቷል። በ2014 የታተመ የምጣኔ ሀብት ጥናት ረሃቡ በበረታበት ወቅት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 36 ወር የነበሩ ሕፃናት ካደጉ በኋላ ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር አጥረው መገኘታቸውን አረጋግጧል።

ከድንበሩ ወዲህ፣ በጎንደር፣ ሐኪሞች የዚህን ታሪክ ሌላ ገጽታ አይተዋል። በፕሮፌሰር ሺታዬ ዓለሙ መሪነት የተሠራና በ2009 የታተመ ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ ድሆች፣ ከሲታና አጫጭር መሆናቸውን አሳየ፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲታይም ጠየቀ። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ይህን ዓይነት ሕመም “ዓይነት 5” በሚል ስም ተቀብሎታል። የልጅነት ረሃብ እንግዲህ አንዱን ከሲታ እንደሆነ፣ ሌላውን ካወፈረው በኋላ፣ ወደ አንድ ሐኪም ቤት በር ያደርሳቸዋል።

ዘር፣ አንጎልና ሆድ

ውፍረት የሆዳምነትና የስንፍና ውጤት ነው የሚለው አመለካከት በሳይንስ ፊት አልጸናም። በ1994 ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ተገኘ። ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ይህ ሆርሞን ምን ያህል ስንቅ እንዳለ ለአንጎል የሚያስታውቅ መልእክተኛ ነው። ሰው ሲከሳ ሌፕቲኑ ይቀንሳል፤ አንጎልም ረሃብን ያበረታል፤ ሰውነት የሚያቃጥለውንም ጉልበት ይቆጥባል። በጾምና በምግብ ቅነሳ የከሳ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ ክብደቱ የሚመለሰው ፈቃዱ ስለ ደከመ ብቻ ሳይሆን ሰውነቱ ስለሚታገለው ነው።

ዘረ መልም ድርሻ አለው። ለውፍረት የሚያጋልጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዘረ መል ልዩነቶች ታውቀዋል። የእያንዳንዳቸው ተጽዕኖ ትንሽ ቢሆንም ሲደመሩ አንዱ ሰው በዚያው ማዕድ ላይ ከሌላው ለምን ቶሎ እንደሚወፍር በከፊል ያስረዳሉ።

የምግቡ ዓይነትም እንደ መጠኑ ያህል ያሳስባል። በ2019 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት 20 ሰዎች በምርምር ተቋም ውስጥ ተቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ እምብዛም ያልተቀነባበረ ምግብ እስኪጠግቡ ቀረበላቸው። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ ክብደታቸውም ጨመረ።

በመጠለያ ውስጥ ውፍረት

የስደተኛ መጠለያ ከውፍረት ጋር የሚያያዝ አይመስልም። በአልጄሪያ በሚገኙት የምዕራብ ሰሐራ ስደተኞች መጠለያዎች የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናት ግን ከሴቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ወይም ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። ከአራት ቤተሰብ በአንዱ ያህል ደግሞ የተጎዳ ሕፃንና የወፈረች እናት፣ አለዚያም ሁለቱም ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ተገኝተዋል።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የርዳታ ቀለብ በአመዛኙ እህል፣ ዘይት፣ ጥራጥሬና ስኳር ነው። ጉልበት ይሰጣል፤ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ወተትና ሥጋ ግን ይጎድሉታል። በ1980ዎቹ በሱዳንና በሶማሊያ በነበሩ የኢትዮጵያውያን መጠለያዎች በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣው የድድ መድማት በሽታ የታየው በዚህ ሳቢያ ነው። በዚህ ላይ እርሻና ከብት የነበረው ሰው በመጠለያ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ጭንቀትና የእንቅልፍ ማጣትም የምግብ ፍላጎትን የሚቆጣጠሩትን ሆርሞኖች ያዛባሉ።

በምሥራቅ ሱዳን ከተሞች ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ የዕለት ኑሮ አካል ነው። በአንድ ብርጭቆ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምርና በቀን 5 ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ያህል ስኳር ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው የቀን ጣሪያ 50 ግራም ገደማ ነው፤ ቢቻልም ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ያሳስባል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2021 ባወጣው ግምት በሱዳን ከአዋቂዎች ከመቶ 18 በላይ የሚሆኑት የስኳር በሽታ አለባቸው።

የተቀናጀ ምርምር ለምን አስፈለገ?

እስካሁን የተነሡት ምክንያቶች በአንድ ሙያ ክልል ውስጥ አይወድቁም። ማሕፀኑ የአዋላጅ ሐኪም፣ ሌፕቲኑ የሆርሞን ሊቅ፣ ቀለቡ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ የሻዩ ልማድ የማኅበረሰብ ጥናት፣ የስኳር ዋጋ የምጣኔ ሀብት፣ ስደቱም የታሪክና የፖለቲካ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲመረምር የሚያየው አንዱን ቅጠል እንጂ ዛፉን አይደለም።

በ2007 የብሪታንያ መንግሥት ያስጠናው ሰነድ ውፍረትን የሚያስከትሉ ከ100 በላይ ምክንያቶችን በአንድ ሥዕል ላይ አስቀምጦ አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር አሳየ። የሰነዱ ትምህርት ግልጽ ነበር፤ አንዱን ክር ብቻ በመሳብ ቋጠሮው አይፈታም።

መከላከል የሚጀምረው ከየት ነው?

የመጀመሪያው ሥራ ከፅንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የተመጣጠነ ምግብና የብረት እንክብል እንድታገኝ፣ ሕፃኑም እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ማድረግ ረሃብንም ውፍረትንም በአንድ ጊዜ ይከላከላል። ይህ ማለት የተጎዳ ሕፃን እንዳይወፍር ተብሎ ምግብ ይቀነስበት ማለት አይደለም። በረሃብ የተጎዳ ሕፃን ወዲያውኑ መታከምና መመገብ አለበት። ካገገመ በኋላ ግን በጣፋጭና በቅባት ብቻ ሳይሆን በጥራጥሬ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በአትክልት እንዲያድግ ክትትል ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ሥራ ያለውን መልካም ልማድ መጠበቅ ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ በሱዳን በኩልም የማሽላ ክስራና ፉል ለሰውነት የሚስማሙ ምግቦች ናቸው። ችግር የሚመጣው ነጭ ዱቄት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና በዘይት የተጠበሰ ምግብ ቦታቸውን ሲይዙ ነው።

ሦስተኛው ሥራ የመንግሥት ነው። ሜክሲኮ በ2014 በጣፋጭ መጠጦች ላይ ግብር ከጣለች በኋላ ሽያጩ ቀንሷል። ኢትዮጵያም በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦችን አካታለች። በ2018 መጨረሻ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው ከመኪና ነጻ ቀንም ሕዝቡ በየአደባባዩ እንዲራመድና ስፖርት እንዲሠራ ዕድል ሰጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ፈጠን ያለ እርምጃም በቂ ነው።

ሕክምናው ምን ይመስላል?

የሕክምና ዓላማ ሰውን ማቅጠን ሳይሆን ጤናውን መመለስ ነው። በ2002 በአሜሪካ የታተመ ታላቅ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች በምግብና በእንቅስቃሴ 7 በመቶ ክብደት ለመቀነስ ባደረጉት ጥረት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውን በ58 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ ከ6 ኪሎ ያነሰ ነው።

በ2017 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ደግሞ በቀን 850 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ለጥቂት ወራት በሐኪም ክትትል የተመገቡ የስኳር ሕሙማን ከአንድ ዓመት በኋላ 46 በመቶዎቹ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ወደ ልኩ መመለሱን ዘግቧል። ይህ ያለ ሐኪም የሚሞከር አይደለም፤ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግቡን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ እስከ ሞት ሊወርድ ይችላል።

ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ የተባሉት አዳዲስ መርፌዎች ከአንጀት የሚመነጩ የጥጋብ ሆርሞኖችን ይመስላሉ። በጥናት ላይ የመጀመሪያው በ68 ሳምንት ውስጥ ክብደትን በአማካይ በ15 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው በ72 ሳምንት በከፍተኛው መጠን በ20 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ሴማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2025 የዚህ ዓይነት መድኃኒቶችን ከውፍረትና ከሌላ ሕመም ጋር የስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች አስፈላጊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷል። የጨጓራ ቀዶ ሕክምናም ውጤቱ ለዓመታት ይቆያል። ሁለቱም ዋጋቸው ውድ በመሆኑ ግን ለአብዛኛው የምሥራቅ አፍሪካ ነዋሪ ሩቅ ናቸው።

ዛሬ በድንበሩ ላይ

ኡም ራኩባ በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ለተሰደዱ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ገዳሪፍ ከካርቱም፣ ከጀዚራና ከሰናር የተፈናቀሉትን ተቀበለች፤ ሌሎችም በጋላባት አልፈው መተማ ገቡ። በካርቱም የነበረው የአገሪቱ ዋና የመድኃኒት ማከማቻ ከአገልግሎት ውጭ በመሆኑ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን መድኃኒት ማግኘት ፈተና ሆኖባቸው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ኢንሱሊንና የግፊት ክኒን እንደ እህል ሁሉ የሕይወት ስንቅ ናቸው።

ዛሬ በእነዚህ መጠለያዎች የሚወለዱ ሕፃናት በ2050ዎቹ ጎልማሶች ይሆናሉ። በ1984 በዚያው ምድር የተራቡት ሕፃናት ያስተማሩት ነገር ካለ፣ የአንድ ሕፃን ክብደት በተመጠነበት ቀን ብቻ የሚያበቃ ጉዳይ አለመሆኑ ነው። የእናቲቱን ማዕድ፣ የሕፃኑን የዕድገት ካርድና የአዋቂውን የስኳር ምርመራ በአንድ መዝገብ የሚያያይዝ የጤና አገልግሎት ከረሃቡ የሚያተርፈውን ሰው ከውፍረቱም ሊጠብቀው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ውድ አይደለም፤ ሚዛን፣ ሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ የስኳር መመርመሪያ፣ ከሁሉም በላይ መዝገቡን ሳይሰለች የሚይዝ የጤና ባለሙያ ነው።